«አለዋዋጭ» ወይስ «አሳላፊ»? ስለ አንድ ሙያዊ ስያሜ

ውሃን በኤሌክትሪክ ኀይል ወደ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን በሚለያየው መሣሪያ ውስጥ በአኖድና በካቶድ መካከል የሚቆም ስስ ፕላስቲክ አለ። የባዕዱን ስያሜ ቃል በቃል የሚከተል ተርጓሚ «አዮን ተለዋዋጭ ሽፋን» ማለት ይቀናዋል። በእኛ አስተያየት ይህ ስያሜ በሁለቱም ወገን ይስታል።

«ተለዋዋጭ» በአማርኛ ጠባዩ የማይጸና ማለት ነው፤ ስለሆነም ሰዋስው ቢያንስ «አለዋዋጭ» መባሉን ያስገድዳል። ይሁን እንጂ ነገሩ በሰዋስው ብቻ አይቃናም። ልውውጥ ሰጥቶ መቀበል ነው። ካልሲየም የበዛበትን ውሃ የሚያጣራው ሙጫ ካልሲየሙን ይዞ በምትኩ ሶዲየም ይለቃል፤ «አለዋዋጭ» ለእርሱ ይገባዋል። ናፊዮን በተባለው ፕላስቲክ ውስጥ ግን ከሰንሰለቱ ጋር የተያያዙት አሉታዊ የሰልፎኒክ ቡድኖች ከቦታቸው ሳይነቃነቁ፣ ፕሮቶኖች በመካከላቸው ከአኖድ ወደ ካቶድ ያልፋሉ። በሌላው ዓይነት የተተከሉት ቡድኖች አዎንታዊ ስለሆኑ የሚያልፈው ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ጉዞውም ከካቶድ ወደ አኖድ ይሆናል። የፊተኛው አሲዳም በመሆኑ እንደ ኢሪዲየምና ፕላቲነም ያሉ ውድ ብረቶችን ይሻል፤ የኋለኛው በኒኬል ሊሠራ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ ትርጉም አንባቢውን ከዋናው ቁም ነገር ያርቀዋል።

«ሽፋን»ም ከላይ ወይም ከውጭ የሚለብስ ነገር ነው። ይህኛው በመካከል ቆሞ ሁለቱን ጋዞች ይለያል፤ ቢቀላቀሉ ሊፈነዱ ይችላሉና። «ግርዶ» የሚለው ነባር ቃል ለዚህ ሥራ ይቀርባል። ስለዚህ «ፕሮቶን አሳላፊ ግርዶ» እና «ሃይድሮክሳይድ አሳላፊ ግርዶ» እንዲባሉ እናቀርባለን። «አሳላፊ» የግብር ቤቱን ጠጅ ቀጂ ያስታውሳል የሚል ቢኖር፣ ጉዳት አናይበትም። ፋራዴይ በ1834 እ.ኤ.አ. ያስገባው «አዮን» ራሱ በግሪክኛ «ሂያጅ» ማለት ነው፤ ሂያጅን ማሳለፍ ከሥርወ ቃሉ ጋርም ይስማማል።

አኖድን «አዎንታዊ ጫፍ» ብሎ መተርጐምን ግን አጥብቀን እንቃወማለን። ኤሌክትሪክ እየተቀበለ ውሃ በሚበትነው መሣሪያ ላይ እውነት ነው፤ ሃይድሮጅንን መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጠው ሴል ላይ ግን አኖዱ አሉታዊ ነው። አኖድ አኖድ የሚባለው ኤሌክትሮን የሚለቀቅበት ስለሆነ ነው። በአንዱ ምዕራፍ ትክክል ሆኖ በሚቀጥለው ምዕራፍ የሚሐስት ትርጉም ከትውስት ቃል አይሻልም፤ አኖድና ካቶድ እንዳሉ ይቆዩ።

የቀረው «አረንጓዴ ሃይድሮጅን» ነው። ሃይድሮጅን ቀለም የለውም፤ «አረንጓዴ» የተባለው ኤሌክትሪኩ ከታዳሽ ምንጭ በመገኘቱ ነው። ስያሜው ዓለም አቀፍ ስለሆነ አንነካውም። ነገር ግን ተመሳሳይ ግርዶ የጨው ውሃን በኤሌክትሪክ ለመበተንም ያገለግላል፤ ከዚያ ከሃይድሮጅን ጋር የሚወጣው ክሎሪን በእርግጥም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጋዝ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቀም «ከታዳሽ ኀይል የተገኘ» ብሎ ማፍታታት ይኖርበታል።