«ጉቶ» እና የምርጫ ቅስቀሳ፤ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አተረጓጎም

ስለ አሜሪካ ምርጫ የሚያወሱ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ተርጓሚውን ከሚያደናቅፉት ቃላት አንዱ «ስተምፕ» የሚለው ነው። ቃሉ በራሱ ከባድ አይደለም። እንጨት የሚቆርጥ ሁሉ የሚያውቀው ጉቶ ነው፤ ዛፉ ከተወሰደ በኋላ ከነሥሩ መሬት ላይ የሚቀረው። ችግሩ የሚመጣው «ስተምፕ ስፒች» ከሚለው ሐረግና ቃሉ ግሥ ሆኖ ፖለቲከኛን ባለቤት ከሚያደርግበት አገባብ ላይ ነው። አንዱ «የጉቶ ንግግር» ይለዋል፤ ሌላው «የምርጫ ንግግር» ብሎ ያልፋል፤ ሦስተኛው «ያልተዘጋጁበት ንግግር» ያደርገዋል። በእኔ አስተያየት ሦስቱም፣ በየምክንያታቸው፣ አንባቢውን ያሳስታሉ።

በቅድሚያ ሥርወ ቃሉን እንመልከት። ቃሉ ከታችኛው ጀርመንኛና ከጥንታዊው ሆላንድኛ ቃላት ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቀድሞ የተገኘው ግን በዛፍ ፍችው አይደለም፤ በ14ኛው መቶ ዓመት ተቆርጦ የቀረን የእጅ ወይም የእግር ክፍል ያመለክት ነበር፤ ለዛፍ የዋለው በ15ኛው መቶ ዓመት ነው። ስለዚህ የፍችው እምብርት «እንጨት» ሳይሆን «ተቆርጦ የቀረ» መሆኑ ነው። ሊያልቅ የተቃረበ እርሳስ፣ የሻማ ቅሪት፣ የተሰበረ ጥርስ በዚሁ አንድ ቃል የሚጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። አማርኛ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል አይጠቀልልም፤ ለዛፉ ጉቶ፣ ለአካሉ ቆራጣ፣ ለእርሳሱና ለሻማው ቁራጭ ይላል። «ስተምፕ፦ ጉቶ» ብሎ የሚያቆም ባለሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት እንግዲህ ከፍችው አንዱን ቅርንጫፍ ብቻ ሰጥቷል።

የምርጫው ፈሊጥ የተወለደው በአሜሪካ ነው። እንደ ኬንታኪና ቴነሲ ባሉት፣ ጫካው ገና እየተመነጠረ ሰው በሚሰፍርባቸው አካባቢዎች፣ አዳራሽም ሆነ መድረክ በሌለበት፣ ተናጋሪው ከሕዝቡ ከፍ ብሎ የሚታይበት ቦታ በየሜዳው የቀረው ጉቶ ነበር። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ «ጉቶ ላይ መውጣት» ድምፅ ፍለጋ ለመናገር መነሣት ማለት ሆነ። የሚዙሪው ሠዓሊ ጆርጅ ኬሌብ ቢንግሃም በ1850ዎቹ ለሣለው የምርጫ ንግግር ትርኢት ርእስ ያደረገው ይህንኑ ሐረግ ነው።

ተርጓሚ ሊያስተውለው የሚገባው የቃሉን ክብር ጭምር ነው። በዚያ ዘመን ለፕሬዚደንትነት የቀረበ ሰው ራሱ እየዞረ «ምረጡኝ» ማለቱ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። አብርሃም ሊንከን በ1858 (እ.ኤ.አ.) ለሴኔት ሲወዳደር ከስቲቨን ዳግላስ ጋር በሰባት የኢሊኖይ ከተሞች ፊት ለፊት ተከራክሯል። በ1860 ለፕሬዚደንትነት ሲቀርብ ግን ስፕሪንግፊልድ ቤቱ ቁጭ አለ፤ ልማዱን ጥሶ አገር ለአገር የዞረው ዳግላስ በዚሁ ተነቀፈ። በ1896 ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን 18,000 ማይል ያህል ተጉዞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ንግግሮች ሲያደርግ፣ ተወዳዳሪው ማኪንሊ ከቤቱ በረንዳ ላይ ሆኖ ወደ እርሱ የመጡትን ያነጋግር ነበር። ያሸነፈው ባለ በረንዳው ነው። ቢሆንም ቃሉ ከብራያን ጋር ባቡር ተሳፍሮ ቀጠለ፤ ጉቶው ከነጫካው ወደ ኋላ ቀረ። ስለዚህ በ1830ዎቹ በተጻፈ ደብዳቤ ውስጥ ቃሉ የንቀት ቃና ሊኖረው ይችላል፤ በዛሬ ጋዜጣ ላይ ግን ከቶ የለውም።

በዛሬው አጠቃቀም «ስተምፕ ስፒች» እጩው በሄደበት ሁሉ ጥቂት እየለዋወጠ የሚደጋግመው፣ አብሮት የሚዞር ዘጋቢ በቃሉ ሊያጠናው የሚችል ንግግር ነው። «ያልተዘጋጁበት ንግግር» ማለት እንግዲህ ስሕተት ብቻ ሳይሆን ተቃራኒውን መናገር ነው። ይህ አተረጓጎም የመጣው ድንገት ጉቶ ላይ የወጣውን ሰውዬ በዓይነ ኅሊና ከማየት ይመስለኛል፤ ሥርወ ቃልን ከፍች የሚያምታታ ሰው የሚወድቅበት የታወቀ ጉድጓድ ነው።

በአማርኛ በኩል በእጃችን ያሉት ቃላት ዘመቻና ቅስቀሳ ናቸው፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ሸክም ይዘው ይመጣሉ። ዘመቻ መነሻው ጦርነት ነው። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ሲያሰማራ፣ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ቃሉ በመንግሥት ትእዛዝ የሚንቀሳቀስን ብዙ ሕዝብ የሚያሳይ ሆነ። አንድ እጩ ለብቻው ከመንደር መንደር ሲዞር ዘመቻ ማለት ያስኬዳል፤ ግን ሰፊ ልብስ ነው።

ቅስቀሳ በአንጻሩ ልክ እንደ ጉቶው ከቤት የወጣ ቃል ነው። እናት ልጇን ከእንቅልፍ ትቀሰቅሳለች። ተናጋሪ ሕዝብን ሲቀሰቅስ ያው ምስል ወደ አደባባይ መጣ፤ «የምርጫ ቅስቀሳ» ስንል አልጋውን የሚያስታውስ የለም፤ አሜሪካዊውም ጉቶውን አያስታውስም። በዕለታዊነቱ፣ ሰውን በቀጥታ በማነጋገሩ፣ ምስሉ በመደብዘዙም ለ«ስተምፕ» ከዚህ የቀረበ ቃል የለንም። አንድ እንከን አለበት፦ «ጠብ ቀስቃሽ»፣ «ሁከት ቀስቃሽ» ስለምንል የሰውየውን ስም ብቻውን «ቀስቃሽ» ብሎ መጻፍ እጩውን ወንጀለኛ ያስመስለዋል። ስለዚህ ባለቤቱን በስም ሳይሆን በግሥ መግለጽ ይሻላል፦ «እየዞረ ይቀሰቅሳል» ወይም «ለቅስቀሳ ወጥቷል»። ለንግግሩ የማቀርበው «የዘወትር የቅስቀሳ ንግግር» የሚለውን ነው። «ዘወትር» የሚለው ቃል ለጆሮ ትንሽ ቢከብድም ድግግሞሹን የሚይዘው እርሱ ነው፤ «የምርጫ ንግግር» የጎደለውም ይኸው ነው። «የጉቶ ንግግር» ግን ጉቶው በእርግጥ በቆመበት የታሪክ ጽሑፍ ውስጥ ብቻ፣ ከማብራሪያ ጋር ይቆይ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ይኸው እንግሊዝኛ ቃል «ግራ አጋባ፣ መልስ አሳጣ» የሚል የግሥ ፍችም አለው። አመጣጡን ብዙዎች ከአዲስ እርሻ ጋር ያያይዙታል፤ ምንጣሮ ላይ ያረሰ የእኛም ገበሬ ማረሻው ጉቶ ሲመታ በሬዎቹ ምን እንደሚሆኑ ያውቃል። የዜና አርእስት አዘጋጆች ሁለቱን ፍች በአንድ ዓረፍተ ነገር እያጋጠሙ መቀለድ ስለሚወዱ ተርጓሚው በቶሎ ይሳሳታል። መለያው አገባቡ ነው፤ የቅስቀሳው ግሥ ባለቤት ተናጋሪው ሲሆን ተሳቢው፣ ካለው፣ አገር ወይም ክፍለ አገር ነው፤ የሌላው ግሥ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄ፣ ተሳቢው ደግሞ ሰው ነው። በመዝገበ ቃላትም በሁለት ተራ ቁጥር ተለያይተው መግባት ይኖርባቸዋል።