«ሲያሰትናማ» ያልጻፈው ምዕራፍ

የሰልጁቁ ሱልጣን አልፕ አርስላን በዳዕዋም ሆነ በመድረሳ ሲነሳ የሚወሳው የመንዚከርት ድል ነው። በ463 ዓ.ሂ. (1071 እ.ኤ.አ.) የቢዛንታይኑን ንጉሥ ሮማኖስን ማርኮ በክብር ለቀቀው። እውነት ነው፤ እኔም ለደረሶቼ አስተምሬዋለሁ። ይህ ሰው ወደ ዙፋኑ እንዴት እንደ መጣ ግን ነግሬያቸው አላውቅም።

አጎቱ ጡግሪል በግ በ455 ዓ.ሂ. (1063) ልጅ ሳይተካ ሞተ። ወዚሩ አልኩንዱሪ የአልፕ አርስላንን ወንድም ሱለይማንን አነገሠ። የአባቱ የአጎት ልጅ ቁተልሚሽም «ዙፋኑ የኔ ነው» ብሎ ጦር አነሳ። መጨረሻው ምን ሆነ? ሱለይማን ከዙፋን ወረደ፤ ቁተልሚሽ ተሸንፎ ሞተ፤ አልኩንዱሪ ታስሮ ቆይቶ ተገደለ። በቦታው የተተካው ታላቁ ኒዛሙል ሙልክ ነው።

ይህ ወዚር በዕድሜው ማምሻ ላይ ለአልፕ አርስላን ልጅ ለመሊክሻህ «ሲያሰትናማ» የተሰኘውን መጽሐፍ ጻፈ። ሱልጣኑ በሳምንት ሁለት ቀን ተቀምጦ የተበዳዮችን አቤቱታ ያለ አማላጅ እንዲሰማ ይመክራል። ስለ ቃዲዎች፣ ስለ ግብር ሰብሳቢዎች፣ ስለ ሰላዮችም በዝርዝር ይናገራል። ስለ ፍትሕ እንዲህ አጥብቆ የጻፈ ባለ ሥልጣን ጥቂት ነው።

ቅሬታዬ ይህ ነው፦ ከሃምሳው ምዕራፍ አንዱም እንኳ ሱልጣኑ ሲሞት ማን፣ በምን ሥርዓት ይተካል ለሚለው የተመደበ አይደለም። ጸሐፊው ጉዳዩን አላወቀውም እንዳንል በዓይኑ አይቶታል። በ1073 የመሊክሻህ አጎት ቃውርት ለዙፋን ተዋግቶ ሲገደል ወዚሩ እሱ ነበር። «ለሱልጣን ስለ ሞቱ መጻፍ ይከብዳል» የሚል ይኖር ይሆናል። ይሁንና ሞትን ማስታወስ ለሙስሊም መካሪ ነውር ሆኖ አያውቅም።

በ485 ዓ.ሂ. ረመዳን (1092) ወዚሩ በስለት ተገደለ፤ መሊክሻህም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ባለቤቱ ተርከን ኻቱን ሕፃን ልጇን ማሕሙድን፣ የወዚሩ ወገኖች ደግሞ በርክያሩቅን አነገሡ። የሟቹ ወንድም ቱቱሽ በ1095 በዚሁ ፍልሚያ ወደቀ። ቀጥሎም በርክያሩቅና ወንድሙ ሙሐመድ እስከ 1104 ተዋጉ። በዚህ መሀል መስቀላውያን በ1098 አንጾኪያን፣ በ1099 ደግሞ ቁድስን ከፋጢሚዮች እጅ ያዙ። የቁድስ መውደቅ ምክንያት ይህ ብቻ ነው አልልም፤ ወንድማማቾቹ ሲፋጁ ግን የተባበረ ክንድ አልተገኘም።

በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ የቆመ ፍትሕ ከሰውየው ጋር ይቀበራል። ሥልጣን አማና ነው ካልን፣ አማናውን ማን እንደሚረከብ መወሰንም የአማናው አካል ነው። መጽሐፉን እናንብበው፤ ለልጆቻችን ግን መንዚከርትን ከዋዜማውና ከማግስቱ ጋር እንንገራቸው።

ወላሁ አዕለም።