ፎገራ ላይ ወፍ ማሳየት

ወረታ የደረሰ ጎብኚ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የፓርኩ በር የት እንደሆነ ነው። በርም አጥርም የለም። የጣና ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ወፉ የሚውልበት ሜዳ ግን የገበሬ ማሳ ነው። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ውሃው ሲሸሽ ገበሬው ጓያና ሽምብራ ይዘራል፣ ወፉም የእሱን እግር ይከተላል። ስለዚህ ባይኖኩላሬን ከማውጣቴ በፊት ሰው እጠይቃለሁ፤ «አባቴ እንዴት አደሩ? ወፎቹ ዛሬ የት ወረዱ?» መልሱ ብዙ ጊዜ «ዘሬን እንዳትረግጡ እንጂ ከዚያ ማዶ ናቸው» ነው። ከየትኛውም የወፍ መጽሐፍ ይልቅ ይህ ያደርሰኛል።

ጉዞው በማለዳ ነው። እኛ ከጣና በስተምሥራቅ ስለሆንን ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችን ናት፤ ከሰዓት በኋላ ዓይን ታጭበረብራለች። ጉማራ ጣና በሚገባበት ደግሞ ጉማሬ አለ። ሌሊት ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ በደንገሉ መሀል በከፈተው መንገድ ይመለሳል። በእሱና በውሃው መካከል አልቆምም፤ ፎቶው ይቅር።

በጥር ሰው የሚመጣው ለክሬን ነው። ከሰሜን የሚሰደደው ግራጫው ክሬን ጥልቀት በሌለው ውሃ ቆሞ ያድርና ሲነጋ ከአጨዳ የተረፈውን ሩዝ ሊቃርም ይነሣል። ሲበር አንገቱን ይዘረጋል፤ አንገቱን አጥፎ የሚበር ካያችሁ የሳቢሳ ዘመድ ነው። መንጋውን አንድ በአንድ መቁጠር አይሞከርም። አሥሩን ቆጥሬ የያዙትን ቦታ በዓይኔ እለካና ያንን ልክ በመንጋው ላይ እየደገምኩ እሄዳለሁ።

ጎብኚው በዚህ ብዛት ተደስቶ «ሜዳው ደህና ነው» ብሎ ሲመለስ ግን አልስማማም። ግራጫው እንግዳ ነው፤ ፍሬና ማደሪያ ውሃ ካገኘ ይበቃዋል። የሜዳው ጤና የሚታየው ራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ በደፋው፣ ጉንጩ ነጭና ቀይ በሆነው ጥቁር ክሬን ነው። እሱ የሚፈለፍለው እዚሁ አገር፣ ውሃ በተኛበት ሣር መሀል ነው። ሸሸርና ወለላን የመሰሉ ረግረጎች በእርሻና በፓምፕ ሲጠቡ የሚጎዳው እሱ ነው። ሩዙን ብቻ የሚወቅሱ አሉ፤ እኔ አልወቅስም፣ ወፉንም ሰውንም አብልቷል። የሚያሳስበኝ ለበጋ ሽንኩርት ሲባል እስከ ጠብታው የሚሳበው ውሃ ነው።

ዘውዳሞቹን ጥንድ ሳገኝ እንግዶቼን ከሩቅ አቆማለሁ። ወፎቹ መልቀም ትተው አንገታቸውን ካቀኑ ቀርበናል ማለት ነው፤ ወደኋላ እንላለን። ቅር ያለው ግራጫዎቹን እስኪጠግብ ያንሳ፤ እሱም ቢሆን ከማሳው ዳር ሆኖ።