የእንግሊዝኛ የማዳመጥ ትምህርትና የፕላዝማው ስርጭት

በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለ ተጀመረው፣ ከማዕከል በሳተላይት ይሰራጭ ስለ ነበረው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ብዙ ተብሏል። አብዛኛው ትችት መምህሩን ከሥራው ገለል አደረገው በሚለው ላይ ያተኮረ ስለ ነበረ፣ ስርጭቱ ለተማሪው ጆሮ ምን አስገኘ የሚለው ጥያቄ ወደ ጎን ቀርቷል። ጥያቄው ግን ቀላል አይደለም። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ በመሆኑ፣ በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ሰምቶ መረዳትን ያልለመደ ተማሪ ፊዚክሱንም ሒሳቡንም ከዚያው ስክሪን በዚያው ቋንቋ መከታተል ነበረበት።

የስርጭቱ ጥቅም አይካድም። ከገዛ መምህሩ በቀር እንግሊዝኛ ሲነገር እምብዛም ሰምቶ ለማያውቅ የገጠር ተማሪ፣ በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ የሌላ ሰው ድምፅ ክፍሉ ድረስ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነበር። ምስሉም የጠራ ነበር። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ከምስሉ ነው። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት የሚለዩት ድምፁ ጠንከር በሚልበት ክፍለ ቃልና በመጨረሻዋ «ን» ሲሆን፣ በፈጣን ንግግር ውስጥ ይህን ለመያዝ የሠለጠነ ጆሮ ያስፈልጋል። ተናጋሪዋ ቃሉን ስታወጣ «15» የሚል ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ብቅ ካለ፣ ተማሪው አነበበ እንጂ አላዳመጠም። መልሱ ትክክል ስለሆነ ግን እንዳዳመጠ ይቆጠርለታል።

አማርኛ ተናጋሪ ነገሩን ከራሱ ቋንቋ ሊረዳው ይችላል። «አለ» ጠብቆ ሲነገር መኖርን፣ ላልቶ ሲነገር መናገርን ያመለክታል፤ ፊደሉ ልዩነቱን አያሳይም፣ ጆሮ ግን አይሳሳትም። ይህ ጆሮ የተገኘው ከልጅነት ጀምሮ ደጋግሞ በመስማት ነው። ለሁለተኛ ቋንቋ ያን ያህል ዘመን ስለሌለ ድግግሞሹን በክፍል ውስጥ ማዘጋጀት ግድ ይሆናል።

ይህን ስርጭቱ ሊሰጥ አልቻለም። በ1970ዎቹ በኬንያ የተሞከረው የእንግሊዝኛ የሬዲዮ ትምህርት ተማሪዎች እንዲመልሱ በየመካከሉ የተለካ ዝምታ ይተውላቸው ነበር፤ ፕላዝማውም ለመልመጃ ጊዜ ይሰጥ ነበር። ሆኖም ዝምታው የሚጠቅመው የሰማውን ነው። ያልሰማው ተማሪ «ይደገምልኝ» ቢል፣ መምህሩ አጠገቡ ቆሞ ሳለ ስርጭቱን ወደ ኋላ ሊመልስለት አይችልም ነበር። በዚህ ረገድ አሮጌው ቴፕ ሪኮርደር፣ ክሩ እየተጠላለፈ ቢያስቸግርም፣ የተሻለ ነበር ማለት ይቻላል፤ ማቆሚያው በመምህሩ እጅ ነበርና።

ዛሬ በፍላሽና በእጅ ስልክ የሚያዝ ቅጂ ይህንኑ ሥልጣን ለመምህሩ መልሶለታል። አጠቃቀሙ ግን ሥልጠና ይሻል። የሁለት ደቂቃ ንግግር መርጦ በመጀመሪያ ስክሪኑን በጨርቅ ሸፍኖ ማሰማት፣ ተማሪዎች በሳቱበት ቦታ አቁሞ ያንኑ ዐረፍተ ነገር መድገም፣ ምስሉን በመጨረሻ ብቻ መግለጥ ይቻላል። የት ላይ ማቆም እንደሚገባ ለማወቅ ዕጩ መምህሩ አስቀድሞ ቅጂውን ራሱ ደጋግሞ ማዳመጥ ይኖርበታል፤ ለዚህም በማሠልጠኛ ኮሌጆች መርሐ ግብር ውስጥ ሰዓት ሊመደብለት ይገባል።