የሐርለም ልጆችና ሥዕል

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ለድኻ ልጆች የሥዕል መማሪያ ቤት ሲከፈት ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ምስጋና «ልጆቹን ከመንገድ አዳናቸው» የሚል ነው። ምስጋናው ሐሰት ባይሆንም ጐደሎ ነው፤ ልጅን ከመንገድ ለማስቀረት የተቈለፈ በርም ይበቃልና።

በኒው ዮርክ ከተማ ጥቁር አሜሪካውያን የሚኖሩበትን ሐርለምን እንመልከት፤ ዘመኑን የምጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ጄኮብ ሎውረንስ በ1930 ወደዚያ ሲመጣ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ ሥራ ስለምትውል ልጅዋ እንዳይንከራተት ከትምህርት በኋላ ዩቶፒያ ወደሚባል የልጆች መዋያ ሰደደችው። በዚያ የሚያስተምረው ቻርልስ አልስተን ራሱ ሠዓሊ ነበር። ልጁ በካርቶን ሣጥን ውስጥ የሰፈሩን መንገድ ሲሠራ ባየ ጊዜ የራሱን አሣሣል ሊጭንበት አልወደደም፤ መሣሪያውን ሰጥቶ ተወው። ብዙ ዘመን ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለው መተው ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚፈልግ ያውቃል። የተናቀ ሰፈሩ ለሥዕል የሚገባ ሆኖ የተቈጠረለት ልጅ በሰፈሩም በራሱም አያፍርም።

ቀራጺዋ ኦገስታ ሳቬጅ ደግሞ በ1937 የተከፈተው የሐርለም የኪነ ጥበብ ማእከል የመጀመሪያ ዲሬክተር ነበረች። ሎውረንስን መንግሥት ለሠዓልያን ደመወዝ ወደሚከፍልበት መሥሪያ ቤት ወሰደችው፤ ዕድሜው አልደረሰም ተብሎ ተመለሰ። 21 ዓመት ሲሞላው እርሱ ጉዳዩን ረስቶት ሳለ እርስዋ እንደ ገና ይዛው ሄደች፤ ተቀጠረም።

ፍሬው በ1941 ታየ። የጥቁሮችን ከደቡብ ወደ ሰሜን መሰደድ በ60 ሥዕሎች አሳየ። አንዱን ቀለም በስድሳው ላይ እያዞረ ከቀባ በኋላ ወደ ሌላው ቀለም ይሻገር ስለ ነበር፥ ሁሉም እንደ አንድ ሥዕል ይታያሉ። በ58ኛው ሦስት ልጃገረዶች ጀርባቸውን ሰጥተውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቍጥር ይጽፋሉ። ፊታቸው አይታይም፤ ሽቅብ የተዘረጋው እጃቸው ግን እዘኑልን አይልም።

ይሁን እንጂ ልጆቹ ዳኑ ብሎ የሚያመሰግን ሁሉ አስተማሪዋ ምን አገኘች ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ሳቬጅ ለ1939 የኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ዘማሪዎችን እንደ በገና ክር ያቆመችበትን 16 ጫማ የሚያህል ሐውልት በፕላስተር ሠራች። በነሐስ የሚያሠራው ገንዘብ ስላልተገኘ ኤግዚቢሽኑ ሲዘጋ አፈረሱት። ማእከሉም የመንግሥት ርዳታ ሲቋረጥ በጦርነቱ ዘመን ተዘጋ። ከዚያ ሐውልት ዛሬ የሚገኙት ፎቶግራፎችና ለመታሰቢያ ይሸጡ የነበሩ ትናንሽ የብረት ቅጂዎች ናቸው።