ዘጠኝ ቀን ቀድሞ የደረሰ ዘይት

መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ ገበያ ዳር ካለች አንዲት ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ የጭነት መኪና ዘይቱን ሳያራግፍ ሲመለስ አይቻለሁ። ቀኑ ኅዳር 6 ነበር። ባለሱቋ ያዘዙት ለኅዳር 15 ነው። የነቢያት ጾም ሲገባ ዘይት ይፈለጋል፤ ክፍያውን ደግሞ ያሰቡት ከኅዳር ሚካኤል ሰሞን ሽያጭ ነበር። መኪናው ከደብረ ብርሃን ዘጠኝ ቀን ቀድሞ መጣና ሾፌሩ «ይክፈሉኝና ላራግፍ» ሲላቸው፣ እጃቸው ላይ ያለው ገንዘብ ግማሹን እንኳ አይሸፍንም። ሾፌሩ የታዘዘውን ነው ያደረገው፤ እሳቸውም አልተሳሳቱም። ጥፋቱ አፑን የሠራነው የእኛ ነው።

ሥራዬ የሞባይል አፕ መንደፍ ነው፤ ሰው ስልኩን ሲከፍት መጀመሪያ ምን እንደሚያይ፣ የቱን እንደሚነካ፣ ሲሳሳት በየት እንደሚመለስ ማሰብ። በሙያው ዩኤክስ እንለዋለን፤ በአማርኛ የተጠቃሚ ልምድ እየተባለ ነው። ያን ጊዜ አንድ ጅምላ አከፋፋይ፣ በየወረዳው ያሉ ቸርቻሪዎች በስልክ ዕቃ የሚያዙበትና ሽያጫቸውን የሚመዘግቡበት አፕ አሠርቶን፣ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ሞክረነው፣ አጨብጭበን ወደ ሥራ አስገብተነው ነበር።

«ይኸው ልጄ፣ ኅዳር ይላል። ዐሥራ አምስትን ነካሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ?» ብለው ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት። እውነትም ኅዳር ይላል። የቀን መቁጠሪያው ግን የፈረንጅ ነው። ጽሑፉን ወደ አማርኛ የመለሰው ባልደረባችን ኖቬምበርን «ኅዳር»፣ ዲሴምበርን «ታኅሣሥ» እያለ ወርዷል። ኖቬምበር 15 ደግሞ የእኛ ኅዳር 6 ነው። ቢሮ ውስጥ ይህን ያላየነው ሁላችንም ቀኑን በፈረንጅ ስለምንቆጥር ነው። ቃሉ አማርኛ ሆነ፣ ቀኑ ግን የሰው አገር ቀን ሆኖ ቀረ። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት ብለው የሚቀጥሩ ሰው 9 የሚል ቁጥር ሲያዩ ዕቃው ከቀትር በኋላ የሚመጣ ይመስላቸዋል።

አከፋፋዩ ነገሩን ስንነግረው ያቀረበው መፍትሔ «ሥልጠና ይሰጣቸው» የሚል ነበር። ይህን ቃል በሥራዬ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬም አልቀበለውም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ኅዳርን በትክክል ያወቁ ሰው ምን ይሠለጥናሉ? ሥልጠና የሚያስፈልገው ለአዲስ ነገር ነው፤ የእኛን ስሕተት እንዲሸከሙ ሰዎችን ማሠልጠን ዕዳችንን በእነሱ ማስከፈል ነው።

መኪናው በተመለሰበት ቀን እኔ አልተመለስኩም። «እትዬ፣ እዚህ ጥግ ልቀመጥና ሲሠሩ ልይ» ብዬ ለመንኳቸው። «ተቀመጥ፣ ብርዱን ከቻልከው» አሉኝ። በሁለት ቀን ያየሁት፣ በቢሮ በስድስት ወር ካሰብነው ይበልጣል።

እንደ ብዙ የመንዝ እናቶች ደንበኛ እስኪመጣ የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ ለባና የሚሆን ነው። አንድ እጃቸው እንዝርት ይዟል፤ የሌላው እጅ ጣቶች ከጠጉሩ ወዝ ይዘዋል፣ ብርዱም አድርቋቸዋል። ስልኩ ንክኪያቸውን አንዴ ይሰማል፣ አንዴ አይሰማም። እኛ ያምራል ብለን ያሳነስነውን «አጽድቅ» የሚለውን ቁልፍ ሲስቱ፣ ጎኑ ያለውን «ሰርዝ» ይነካሉ፤ ሩብ ሰዓት የለፉበት ትእዛዝ ይጠፋል። አይበሳጩም፤ ስልኩን በደረታቸው ኪስ ከተው ወደ ፈትላቸው ይመለሳሉ። የእኔ ሙያ የሚፈራው ይህን ዝምታ ነው። ተጠቃሚ ከተቆጣ ስሕተቱን ይነግርሃል፤ ዝም ብሎ ከተወህ ግን ለምን እንደተወህ አታውቅም፤ ድርጅቱም «ነጋዴው ቴክኖሎጂ አይወድም» ብሎ ይጽፋል።

ፍለጋውም አስቸገራቸው። ሳሙና ብለው ቢጽፉ አይገኝም፤ መጋዘኑ የመዘገበው «ሣሙና» ብሎ ነበርና። ለሰው ጆሮ ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። መፍትሔው የሁለት ቀን ሥራ አልፈጀም፦ ሲፈለግ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ ማየት ነው። ቀላል ነው፤ ግን ሱቅ ውስጥ ካልተቀመጡ ማንም አያስበውም።

ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ የዱቤ ደብተራቸው ነው። መስመር የተሰመረበት ተራ ደብተር ነው። ስም ቢሉ «የእከሌ እናት»፣ «ባለ በቅሎው»፣ «ከወፍጮው በላይ» የሚል ነው፤ አጠገቡ ዕቃውና ብሩ፤ ሲከፈል አንድ ሰረዝ በላዩ ያልፍበታል፤ ግማሽ ሲከፈል ሰረዙ ግማሽ ነው። ገጹን ገልጠው ማን እስከ መኸር እንደሚቆይ፣ ማን ለዓውደ ዓመት እንደሚከፍል በአንድ እይታ ያውቃሉ። የእኛ አፕ ግን ደንበኛ ለመመዝገብ ስም፣ የአባት ስም፣ ስልክ ቁጥር ግዴታ አድርጎ ይጠይቃል፤ ዱቤ የሚባል ቦታ ጭራሽ የለውም። ሽያጭ ማለት የተከፈለ ብቻ ነው። የዘመሮ ሱቅ ግን ያለ ዱቤ ሦስት ወር አይቆምም። ያ ደብተር ከእኛ አፕ የተሻለ ንድፍ ነበረው፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ባለሙያው በወረቀት ያሰበውና ሰው የሚያደርገው ሲለያይ ምን ማድረግ እንደሚገባ ኬንያ ጥሩ ምሳሌ ናት። ኤም ፔሳ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሞከር የታሰበው የብድር ተቋም ደንበኞች ብድራቸውን በስልክ እንዲመልሱበት ነበር። ሰዎቹ ግን ገንዘብ እርስ በርስ ይላላኩበት ጀመር። አዘጋጆቹ «ተሳስታችኋል» ብለው አላሠለጠኗቸውም፤ አይተው አገልግሎቱን ገንዘብ ወደ ቤተሰብ መላኪያ አድርገው በ2007 አወጡት፤ ያውም በተራ የቁልፍ ስልክ የሚሠራ አድርገው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው የ8028 የገበሬዎች መስመር በድምፅ ስለሆነ፣ ማንበብ ለማይችል ገበሬም በቋንቋው ምክር ይሰጠዋል።

ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የስልክ ክፍያ ከተማ ገጠር ሳይል ገብቷል፤ በ2015 ዓ.ም. ኤም ፔሳም መጥቷል። እትዬም በስልክ ይቀበላሉ። ሲቀበሉ ግን ልብ ብዬ አየኋቸው፦ ከፋዩ «ይኸው ተልኳል» ብሎ የራሱን ስልክ ቢያሳያቸው አያዩትም። የእሳቸው ስልክ የመልእክት ድምፅ እስኪያሰማ ዕቃውን ከእጃቸው አይለቁም። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ሁለቱም ባንኮኒው ግራና ቀኝ ዝም ብለው ይጠባበቃሉ። ገንዘቡ ሄዷል ወይስ አልሄደም? እንደገና ቢልክ ሁለት ጊዜ ይቆረጥበት ይሆን? ያቺ የዝምታ ደቂቃ ለነጋዴ ከባድ ናት። የእኛም አፕ በዚያች ደቂቃ የሚያሳየው የምትሽከረከር ክብ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው አንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ትእዛዝዎ አልተላከም፤ ገንዘብ አልተቆረጠም።» ወይም «ደርሶናል፤ እንደገና አይላኩ።»

አፑን እንደገና ሠራነው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከነዕለቱ ይጻፋል፤ ከመላኩ በፊትም «ዕቃው የሚደርሰው ኅዳር 15 ነው፤ ልክ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ሰርዝ» ከ«አጽድቅ» ርቆ ከላይ ወጣ። ኔትወርክ ሲጠፋ ትእዛዙ ስልኩ ላይ ይቆይና ሲመለስ ይላካል። የዱቤ ገጽ ጨመርን፤ ስም በፈለጉት መንገድ ይጻፋል፣ ስልክ ቁጥር ግዴታ አይደለም። አከፋፋዩ ወጪው ስለጨመረ አጉረመረመ፤ ተመልሶ የሄደው የዘይት መኪና ነዳጅ ግን በማንም የወጪ መዝገብ ላይ የዩኤክስ ተብሎ አልተጻፈም።

ለድርጅታችሁ የሞባይል አፕ ልታሠሩ ያሰባችሁ ነጋዴዎችና ኃላፊዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከአፕ ሠሪው ጋር ውል ከመፈረማችሁ በፊት፣ አንድ የገበያ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ዕቃችሁ በሚሸጥበት ሩቅ ሱቅ ውስጥ አስቀምጡት። ስልኩን ከኪሱ እንዳያወጣ ንገሩት፤ የዱቤውን ደብተር ብቻ ይይ። እትዬም ዛሬ ዘይት የሚያዙት በአፑ ነው፤ ዱቤውን ግን አሁንም በደብተራቸው ይይዛሉ፤ የእኛ ገጽ ገና አልደረሰበትም።