ዝም ያለው ሴል

የሰው ኤክሴል ልመረምር ስቀመጥ በሃሽ ምልክት የሚጀምሩት ስህተቶች ብዙም አያሳስቡኝም። በዜሮ የተካፈለው፣ ምንጩ የተሰረዘበት፣ ስሙ የተሳሳተው ፎርሙላ ራሱን ያጋልጣል። ኤፍ5 ተጭኜ በስፔሻል በኩል ከፎርሙላዎቹ ኤረሮቹን ብቻ ስመርጥ ሁሉም ባንዴ ይያዛሉ፤ ቢጫ ቀብቼ አልፋለሁ። የሚያናድደኝ በኢፍኤረር ባዶ አስመስሎ የሚሸፍናቸው ሰው ነው።

የሚያደክመው ዝም ያለው ስህተት ነው፤ እኛ አገር ደግሞ በቀን ዓምድ ይበዛል። ብዙው ኮምፒውተር በአሜሪካ አጻጻፍ ስለሚዋቀር ወር ይቀድማል። መዝጋቢዋ ኅዳር 12ን 12/3/2016 ብላ ስትጽፍ ኤክሴል ዲሴምበር 3 አድርጎ ይቀበላታል። በማግስቱ 13/3/2016 ስትል ግን 13ኛ ወር ስለማያውቅ (የ13 ወር ጸጋ አልደረሰውም) እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜን 5 ደግሞ 5/13 ተብላ ስትገባ ሜይ 13 ሆና ቁጭ ትላለች።

ስለዚህ መጀመሪያ የዓምዱን አሰላለፍ አጠፋለሁ። ቀንና ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል። ረጅም ከሆነ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ላይ ኢዝቴክስትን አስገብቼ ራሱ እንዲቀባ አደርጋለሁ። የተቀባው ግን ትክክለኛው ነው፤ ሳይቀባ የቀረው ነው ወሩ የተገለበጠው! ለኢትዮጵያ ቀን፣ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት ዓምድ ለይቶ መጻፍ ይሻላል።

ደመወዝ ላይ ሌላ ዘዴ አለኝ። ጡረታ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ስለሆነ፣ የመዋጮው ድምር ለመሠረታዊ ደመወዝ ድምር ሲካፈል 18 በመቶ መምጣት አለበት፤ ካልመጣ ሴሉ ቢጫ ይሆናል። ይህም ያታልላል። አዲስ ሠራተኛ ከታች ተጨምሮ ሁለቱም ድምሮች ከዘለሉት 18ቱ ልክ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የሰዉን ብዛት ከሰው ኃይል ዝርዝር ጋር አስተያያለሁ። እንዲህ ያለው መዝለል የታወቁ ኢኮኖሚስቶችንም አታልሏል፦ ካርመን ሬይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ መንግሥታት ዕዳ ባወጡት ጥናት የአማካዩ ፎርሙላ 5 አገሮችን ዘልሎ ነበር። ያገኘው ቶማስ ሄርንደን የተባለ ተማሪ ነው፤ ሠንጠረዡን ራሱን ከደራሲዎቹ ተቀብሎ ባየ ጊዜ። ምንም ሃሽ አልነበረበትም።

ቀለም ማብዛት አልወድም። አረንጓዴ፣ ብርቱካንና ሐምራዊ የሆነ ፋይል ተረክቦ ትርጉሙን የሚነግረው ያጣ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ለጥርጣሬ አንድ ቢጫ ይበቃኛል፤ አጠገቡ «ለምን» የሚል ዓምድ እከፍታለሁ፤ ሲጣራ ቢጫውን አጠፋለሁ፣ «ለምን»ን እተወዋለሁ።